እናቴን ሳስተረጉም

አልተኛሁም። አልተኛሁም ስል ተጨንቄ አደርኩ ማለቴ አይደለም፤ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ አንድ በደል ሠርቶ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ሌሊቱን የፈጀሁት ሦስት ሐኪሞችን እያነሳሁ እየጣልኩ ነው፣ ለራሴ ሐኪም መምረጡ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖት እንኳ አልተውኩትም፣ አንድ ነገር ከያዝኩ አለቅም፣ ይኸም ጥፋት ከሆነ ይቆጠርብኝ። ይኸው ነጋ። ይኸው ፓንጋኒ ማቆሚያው ላይ ቆሜያለሁ፣ ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ዘፈኑን እያንባረቀ መጣ፣ ሁለት ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ እገባለሁ፣ ረዳቱ ያፈጥብኛል፤ ያፍጥ። አሥራ ሁለት ዓመት ናይሮቢ ስኖር እንዲህ ነው የተሳፈርኩት። እንጀራዬ በጆሮዬ ነው፣ ጆሮዬን ለእሱ ዘፈን አልገብርም። ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፓርክላንድስ፣ ከጨርቅ መደብሩ በላይ ካለው ቢሮ፣ ዶክተር ዋንጂሩ ወልድያ ላለችው እናቴ ትደውልላታለች። ልጅሽ በልጅነቷ ምን ትመስል ነበር ብላ ትጠይቃታለች። በመካከላቸው ሆኜ የማስተረጉመው እኔው ነኝ፣ ልጅቷ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ስደተኛው በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እላለሁ፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ይመልሳል፣ እኔ በአማርኛ እላለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላሳምርም። ሰውዬው ሐኪሙን ከሰደበ ስድቡን አደርሳለሁ፣ እያለቀሰ ከተናገረ ቃሉን እንጂ ለቅሶውን አልደግምም። ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ማንጠግቦሽን ላኩልን የሚሉት፣ ለዚህም ነው የሀገሬ ሰዎች እሷን አታምጡብን የሚሉት፤ ሌሎቹ አስተርጓሚዎች እኮ ክንዳቸውን ያሹላቸዋል፣ አይዞህ ይሏቸዋል፣ የተረሳውን ጨምረው ታሪካቸውን ያሟሉላቸዋል። እኔ አላሟላም። ባለፈው ዓመት፣ የኬንያ ምርጫ ግርግር በርዶ መንገዱ ሲከፈት፣ ላቪንግተን ወደሚገኝ የሕፃናት ክሊኒክ ላኩኝ። የሀገሬ ሰው ከሚበዛበት ከኢስሊ ሰፈር የመጣች አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ተቀምጣለች፣ ሐኪሙ ከወረቀት እያነበበ ይጠይቃል፣ እኔ እደግማለሁ። ዕቃ በተርታ ይደረድራል? ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል? የሰማውን ቃል ብቻውን ይደጋግማል? ከለመደው መንገድ ውጭ ሲወስዱት ይታወካል? ሴትዮዋ አዎ፣ አዎ፣ አንዳንዴ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጥያቄው ከአፌ ሳያልቅ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ስለ ልጁ አይደለም፣ ስለ ራሴ። አርባኛ ዓመቴን ይዤ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ የራሴን ልጅነት ከወረቀት ላይ እያነበብኩ ነበር። ኦቲዝም ነው አለ ሐኪሙ በመጨረሻ። ኦቲዝም አልኩ እኔም፣ በአማርኛ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱኑ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ለትልቅ ሰውም ይህን ምርመራ ታደርጋለህ ወይ አልኩት። ለማን ነው አለ፣ ለእኔ አልኩ፣ ሳቀ። ሦስት ቋንቋ እየተናገርሽ፣ ሥራ ይዘሽ፣ ብቻሽን እየኖርሽ፣ ምን ጎድሎሽ አለኝ። የጎደለኝን ልነግረው ስጀምር ሰዓቱን አየ። ጥሩ ሐኪም ነው፣ ልጁን በትዕግሥት ነው የያዘው፣ ግን ትልቅ ሰው ያለ ልጅነት ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስለዋል። እሱን ሰረዝኩት።

ምን ጎደለሽ ላለኝ ልመልስ፤ ጎድሎኛል የሚሉት ሌሎቹ ናቸው። ባንታየሁ፣ ባሌ የነበረው፣ አብረን በሞያሌ በኩል ወጥተን አራት ዓመት ኖርን፣ የስደተኝነት ኬዙ ሲያልቅለት ስሙን ከስሜ ለይቶ አውስትራሊያ ገባ፣ ሲሄድ ድንጋይ ባገባ ይሻለኝ ነበር አለኝ። ድንጋይ ሸሚዝ አይተኩስም ብዬ መለስኩለት፣ ቀልድ መሆኑ ነበር፣ አልሳቀም። ከዚያ አባቴ ሞተ። ወንድሜ ተክሉ ለእኔ አልደወለም፤ ወግ ነው፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የዕድራችን ሰብሳቢ ለሆኑት፣ ምግብ ቤት ላላቸው ለጋሽ ዓምደሚካኤል ደወለላቸው። እሳቸው ሰባት ሰው ሰብስበው ማለዳ በሬን አንኳኩ። ዝናብ ጥሎ ነበር። አባትሽ አርፈዋል አሉኝ፣ እንዳልወድቅ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ እኔ የማየው የቆሙበትን ምንጣፍ ነው፤ ጫማችሁን አውልቁ አልኳቸው። ሻይ አፈላሁላቸው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሥራ ገባሁ፣ ቀጠሮ ነበረኝ። ከመጡት አንዷ፣ የጥሩሰው ሚስት ማዕዶት፣ ደረጃው ላይ፣ እንድሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም አለች። ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ሙሉ ከነጭ ሩዝ በቀር አንድ ነገር እንዳልቀመስኩ፣ የአባቴን ስም ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሺህ ጊዜ እንዳልኩት ማዕዶት አታውቅም፣ አልነገርኳትምም። ወልድያ እንዳልሄድ የስደተኛ ወረቀት ነው ያለኝ፣ ከወጣሁ አልመለስም፣ ከገባሁም የሚጠብቀኝን አላውቅም። ይህን ሁሉም ያውቃሉ። ይህን ይቅር ይሉኛል፤ አለማልቀሴን ግን ይቅር አይሉኝም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ሐኪሟ አዎ ካለችኝ የተፈጠርኩበት ነገር ስም አለው ማለት ነው፣ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው። አይደለም ካለችኝ ግን በጋሽ ዓምደሚካኤል ምግብ ቤት የሚወራው እውነት ሆነ፤ አባቷ ሞቶ ምንጣፏ ያሳሰባት ልበ ደንዳና ነኝ። ዋንጂሩ ራሷ ጠይቃኛለች፣ አይደለም ብልሽ ትችይዋለሽ ወይ ብላ። እችለዋለሁ አልኳት። ዋሸሁ። በሥራ ሰዓት ስላልሆነ ራሴን ይቅር አልኩ።

ሁለተኛዋ ሐኪም የሩንዳዋ ናት። ማታቱው ንጋራ ላይ ቆመ፣ ሰው ይወርዳል ሰው ይጫናል፣ እኔ በሐሳቤ ሩንዳ ነኝ፤ አጥር፣ ጥበቃ፣ ሁለት ውሻ፣ በረንዳው ላይ ነጭ ወንበር። ሴትዮዋ የዲፕሎማት ሚስቶችን ታክማለች፣ ለምስኪን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ ትሰጣለች፣ በዚያ ቀን ብዙ ጊዜ አስተርጉሜላታለሁ። ደግ ናት፣ አይካድም። ግን ታካሚዋ ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ካለች አትችልም፣ ኀዘን ተሰምቶሻል መሰለኝ፣ ቁጣ ይሆናል፣ ፍርሃት ይሆናል እያለች በራሷ ቃል ትሞላዋለች፣ ታካሚዋም ደክሟት አዎ ትላለች። እኔ አዎ የሚለውን አደርሳለሁ፣ ድካሙን ማድረስ ሥራዬ አይደለም። ለራሴ ስሄድም እንዲሁ አደረገችኝ፤ አፌን ሳልከፍት ሁለት ጊዜ አዘንኩ፣ አንድ ጊዜ ተቆጣሁ። ስለ ልጅነትሽ ከእናትሽ መስማት አለብኝ፣ ከአምስት ዓመትሽ በፊት የነበረውን አንቺ ልታስታውሽው አትችይም አለች፣ ይኸ ልክ ነው። ለራስሽ ማስተርጎም ደንቡ አይፈቅድም፣ ሌላ አስተርጓሚ ይምጣ አለች፣ ይኸም ልክ ነው። ግን ሌላው ማን ነው? ሁለት ነው ያሉት። ዓይናለም ምስጢር ይጠብቃል፣ የሚጠብቀው ግን ከሌላ ሰው ጋር ተጋግዞ ነው። ጢሞቴዎስ ክፋት የለበትም፣ እሑድ ቸርች ውስጥ ስሜን ጠርቶ የጸሎት ርዕስ ያደርገኛል፣ ሰኞ ኢስሊ ሁሉ ይጸልይልኛል። የእናቴን ገበና ለእነሱ አፍ አልሰጥም። ደንቡን የጻፈው ሰው አማርኛ የሚያስተረጉሙ ሦስት ሰዎች ብቻ ያሉበት ከተማ ውስጥ አልኖረም። አመስግኛት ወጣሁ፣ ውሾቹ እስከ በሩ ሸኙኝ።

ዋንጂሩን የመረጥኩት ከዚያ በፊት ባየሁት ነገር ነው። አንዲት ከአዋሳ የመጣች ልጅ ፊቷ ተቀምጣ መናገር አቃታት። ዋንጂሩ ጠየቀች፣ እኔ ደገምኩ፣ ልጅቱ ዝም አለች። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ታች ጨርቅ መደብሩ ውስጥ መቀስ ሲቆርጥ ይሰማል። ዋንጂሩ እስክሪብቶዋን አላሽከረከረችም፣ እኔን አላየችም፣ አልሳለችም። አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቀች። በአሥራ ሁለተኛው ልጅቱ ስሟን ተናገረች፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አልነበረም፣ እውነተኛውን ስሟን ነው የተናገረችው። የዚያን ቀን ይህቺ ሴት ስለ እኔ ምንም ብትል እሰማታለሁ ብዬ በልቤ ያዝኩ። ስሄድባት አልሸነገለችኝም፤ ትልቅ ሰው የመረመርኩት ሁለት ብቻ ነው፣ አንቺ ሦስተኛ ነሽ፣ መጽሐፍ እያየሁ ነው የምሠራው አለች። ስለ አስተርጓሚው ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። አሰበች፣ ረጅም ጊዜ አሰበች፣ ከዚያ ለሌላው ሰው እንደምታደርጊው ታደርጊዋለሽ ወይ አለችኝ። አደርገዋለሁ አልኩ። መቅጃ አላስቀምጥም፣ አምንሻለሁ አለች። ማመኗ እንደ ሸክም ሆኖ ከደረጃው ወረድኩ።

ደረስኩ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወንበሩ እዚያው ነው፣ ሰዓቱም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ተከፍቶ ይጠራል። እናቴ ታነሳለች፣ ተክሉ በገዛላት ሞባይል ሁልጊዜ እንደምትጮኸው ትጮኻለች። እማዬ፣ ሐኪሟ ናት፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ የሚባለውን ብቻ መልሺ አልኳት። እሺ አለች፣ እግዜር ይስጥልን በያት አለች፣ አልኳት። የድምፅዋን ጨዋነት ስሰማ አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ ይኸ እኔን የምታናግርበት ድምፅ አይደለም፣ ወረዳ ቢሮ ስትሄድ የምታወጣው ነው።

በስንት ዓመቷ አፍ ፈታች? እናቴ ሳትዘገይ፦ በዘጠኝ ወሯ። ከእኩዮቿ ጋር ትጫወት ነበር? የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከእሷ ሥር አይጠፋም ነበር። ድምፅ ያውካት ነበር? ኧረ ምን ድምፅ። ዕቃ መደርደር፣ ብቻዋን መሆን፣ የሰው ዓይን መሸሽ? የለባትም። ምንም የለባትም፣ ጨዋ፣ ተጫዋች፣ ከሰው ጋር ኗሪ ናት። ሳንባዋም ደህና ነው፣ ቲቢ አታውቅም፣ በቤተሰባችንም የለም። ፖለቲካም አታውቅም።

ያኔ ገባኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየስልኩ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ኬዝሽ ምን ደረሰ ብላ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ፈረንጅም ይሁን ኬንያዊ፣ ወረቀት ይዞ ስለ ዘርሽና ስለ ጤናሽ ከጠየቀሽ ወደ ሦስተኛ ሀገር ሊልክሽ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ያቺ ከኢስሊ የመጣች እናት እንኳ ልጇን ካስመረመረች በኋላ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ፣ ይኸ ለካናዳ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል ብላ ነው የጠየቀችኝ። እናቴ ሌሊቱን ተለማምዳው አድራለች። ልጇን በሙሉ ጤንነት ልታሳልፍ ተነሥታለች።

እኔ ደግሞ እውነቱን በከፊል አውቀዋለሁ። በአምስት ዓመቴ ነው የተናገርኩት፣ አክስቴ ነግራኛለች። የሠርግ ከበሮ ሲመታ ጎተራ ውስጥ መግባቴን፣ ሰባት ጠበል መጠመቄንም እሷው ናት የነገረችኝ፤ ሌላውን እናቴ ብቻ ናት የምታውቀው። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም። ዘጠኝ ወር ስትል አምስት ዓመት ብል ማን ያውቅብኛል? መዋሸት እንኳ አይደለም፣ እውነቱን መናገር ነው፣ በዋንጂሩ ወረቀት ላይ የአባቴ ልጅ ሆኜ፣ ክፉ ሳልሆን፣ እጻፋለሁ። ምላሴ ላይ መጣ። ዋንጂሩ ትጠብቃለች። አይ። ስለ እኔ የሚባለውን ሁሉ በሀሰት ሲያወሩት የኖሩ ሰዎች አሉ፣ ነፃ ለመውጣት ብዬ እኔም እንደ እነሱ ወሬኛ አልሆንም። ድንጋይም ከሆንኩ ቃል የማይሰርቅ ድንጋይ ነኝ። በዘጠኝ ወሯ አፍ ፈታች አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከእሷ ሥር አይጠፋም ነበር አልኩ። ቲቢውንም ፖለቲካውንም አልተውኩም። በየመልሱ ዋንጂሩ ስትጽፍ አያታለሁ፣ ላገኘው የነበረው ስም ከእጄ ሲወጣ አያለሁ፣ ብናደድም ድምፄን አላነሳሁም።

ጥያቄው አለቀ። ዋንጂሩ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ዝም አለች። ከወልድያ በኩል ዶሮ ይሰማል። እናቴ ዝምታውን አልቻለችም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔን ብቻ ለማናገር፦

«አመነችኝ? የሚያበላሽ ነገር አልተናገርኩም አይደል?»

ለሌላው ሰው እንደማደርገው ማድረግ አለብኝ። አመነችኝ ወይ፣ የሚያበላሽ ነገር አልተናገርኩም አይደል ትላለች አልኩ በእንግሊዝኛ። ዋንጂሩ መጀመሪያ ስልኩን፣ ከዚያ እኔን አየች። ይኸ ወደ የትም ለመሄድ እንዳልሆነ ንገሪያት አለች። ነገርኳት። ከኬዝ ጋር አይገናኝም፣ ካናዳም አውስትራሊያም የለም፣ ወረቀቱን ከእኔና ከሐኪሟ በቀር ማንም አያየውም አልኩ።  ታዲያ ለምንድን ነው የጠየቃችሁኝ አለች እናቴ። ይህንንም ለዋንጂሩ አደረስኩ፤ ዋንጂሩ መልሱ የአንቺ ነው ብላ በእጇ ወደ ስልኩ አመለከተችኝ።

ከሰው ሐሳብ ጋር ኖሬ ኖሬ፣ በዚያ ወንበር ላይ የራሴን ሐሳብ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«እማዬ፣ አባባ ሲሞት አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ቀድማኝ እንደሰማች አውቃለሁ፤ ማዕዶት ለተክሉ፣ ተክሉ ለእሷ፣ የኀዘን ወሬ ድንበር አያቆመውም። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። ወረዳ ቢሮ የምትሄድበት ድምፅዋ ሄዶ፣ የቤቱ መጣ።

«አባትሽስ መቼ አለቀሰ» አለች። «እናቱ የተቀበሩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ እሱ ጓሮ ገብቶ የማገዶውን እንጨት በየርዝመቱ ሲደረድር ነው የዋለው። ለቀስተኛው ሊያንሾካሹክ ሲጀምር ወደ ጓዳ ጠርቼ ሽንኩርት ሰንጥቄ ዓይኑን አሸሁለት። ቀልቶ ወጣ፣ ሰው አዘነለት። ደግ ሰው ነበር፣ ታውቂዋለሽ፣ አንድም ቀን ሰው አልበደለም፤ አለቅስ ሲል አይመጣለትም። አርባ ዓመት ሸፈንኩለት። አንቺንም እዚህ ሳለሽ ሸፈንኩሽ። ያኔ ግን ሩቅ ነበርሽ፤ ሽንኩርቱን የሚያሽልሽ ሰው አልነበረም።»

ዋንጂሩ ትጠብቃለች፣ ምን አለች ብላ አልጠየቀችኝም። ሰዓቱን አላየሁም፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ሁሉንም አልኩ፣ እንጨቱን፣ ጓዳውን፣ ሽንኩርቱን፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ። ልበ ደንዳና የሚለኝ ካለ ከአባቴ ይጀምር፣ መቃብሩ ወልድያ ነው፣ ይሂድና ይንገረው። ዋንጂሩ አዎም አይደለምም አላለችም፣ ገና ብዙ ይቀረናል አለች። የጻፈችውን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ አዲስ አወጣች፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልትጀምር ነው፤ በስንት ዓመቷ አፍ ፈታች የሚለውን እንድደግምላት ወደ እኔ ዞረች። አልደገምኩትም፣ እናቴ ቀደመችኝ።

«በአምስት ዓመቷ ነው» አለች። «ጻፊ በያት።»

ጻፊ አልኳት።